ገና፣ ቻርሊ ቻፕሊን እና የአባባ ካሴት

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ የቆየ የቪዲዮ ካሴት ላላቸው ሰዎች ነው። በተለይ አሁን በሕይወት የሌለ ሰው ድምፅ ያለበት ካሴት። እኔ ከአባቴ 4 ደቂቃ አጥፍቻለሁ። የሌላ ሰው እጅ ቢኖርበትም ጥድፊያው የእኔ ነበር። ከዚያ ደግሞ በዓሉን ላድምቅ ብዬ እናቴን በገና ቀን አስለቀስኳት። ሁለቱንም ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እናንተ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርሱ ቢያንስ ቀስ እንድትሉ።

ያደግኩት ፒያሳ ነው። ከጊዮርጊስ ብዙም የማይርቅ፣ ስድስት ቤተሰብ አንድ ግቢ የሚጋራበት የቀበሌ ቤት። አባባ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው በር አጠገብ ነው፤ ብርሃን ፍለጋ። ማታ ሥራው ሲያበቃ የእንጨት ሜትሩን እንደ ከዘራ ይዞ፣ የእግሩን ጣቶች ወደ ውጭ ከፍቶ፣ ከበሩ እስከ ጓዳው በቻርሊ አረማመድ ይሄድልን ነበር። እኛ ልጆቹ መሬት ላይ እንንከባለላለን። እማዬ "ኧረ ተው፣ ጎረቤት ይሰማል" ትላለች፤ እሷም እየሳቀች።

ለቻርሊ ቻፕሊን የነበረው ፍቅር ከሙያው ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። "ይሄ ሰውዬ ልብስ ያውቃል" ይላል። "ኮቱ ጠባብ፣ ሱሪው ሰፊ፣ ባርኔጣው ትንሽ፣ ጫማው ትልቅ። አንዱም ልኩ አይደለም፣ ግን አንድ ላይ ሲሆን ልኩ ነው።" ቻርሊ ራሱም በግለ ታሪኩ ላይ የጻፈው ይህንኑ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. ያንን ልብስ መጀመሪያ ሲመርጥ ሁሉም ነገር እርስ በርሱ እንዲጣላ ፈልጎ ነበር። አባባ መጽሐፉን አላነበበም። በዓይኑ ለክቶ ነው የደረሰበት።

በዓል ሲመጣ ቴሌቪዥኑ የሀገራችንን ኮሜዲያን ያቀርባል። ልመንህ ታደሰን፣ ተስፋዬ ካሳን፣ አለባቸው ተካን እያየ ያልሳቀ ልጅ በእኛ ሰፈር አልነበረም። እነሱንም በጣም እንወዳለን። ግን የእኛ ቤት ገና ያለ ቻርሊ ገና አይመስልም። 43ቱ የጾም ቀን ያልቃል፣ ሌሊት ጊዮርጊስ ይታደራል፣ ጠዋት ዶሮው ይበላል፣ ቄጤማው እንደተጎዘጎዘ ከሰዓት በኋላ ግቢው በሙሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። የቪዲዮ ማጫወቻው፣ ዴኩ፣ መጀመሪያ በውሰት ነበር፣ በኋላ አባባ ራሱ ገዛ። ካሴቱም መጀመሪያ በኪራይ፣ ከዚያ በግዢ።

ሁልጊዜ የሚከፈተው ዘ ጎልድ ረሽ ነው። የ1925 እ.ኤ.አ.ው። ያላያችሁት ካላችሁ፣ ቻርሊ ወርቅ ፍለጋ በረዶ አገር ይሄዳል፣ ይራባል፣ ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። ጫማው በእውነት የተሠራው ከሊኮሪስ ከረሜላ ነው። እኔ ግን ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ስለሆነ ልጅ ሆኜ በጣም አዝንለት ነበር። ከዚያ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚወዳትን ልጅ እራት ይጋብዛል። ጠረጴዛ ያዘጋጃል፣ ሻማ ያበራል፣ ይጠብቃል። አትመጣም። ተቀምጦ እንቅልፍ ይወስደውና በሕልሙ ሁለት ዳቦ በሁለት ሹካ ወግቶ እንደ እግር ያስጨፍራቸዋል።

ይቺን ጭፈራ አባባ ይችላታል። ፊልሙ እዚያ ሲደርስ ዴኩን ያቆማል፣ ከድፎ ዳቦው ሁለት ቁራሽ ያነሳል፣ በሁለት ሹካ ይወጋል። ከዚያ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ዳቦዎቹን ያስጨፍራል። ፊደል ያልቆጠረችው የአባባ እናት ሳቋ ሰማይ ይነካል። ያኔ አልገባኝም እንጂ ምስጢሩ ይኼ ነበር፤ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ቋንቋ የማያውቅ ሰው የለም። አያቴም እኔም የግቢው ዘበኛም እኩል እንስቃለን።

በ1991 ዓ.ም. ገና የአክስቴ ልጅ ከቤሩት ካሜራ ይዛ መጣች። ያንን ቀን ቀረጸችው፤ 31 ደቂቃ ነው። በኋላ ወደ ትልቁ የቪዲዮ ካሴት አስገልብጣ ለአባባ ሰጠችው። ላዩ ላይ በአባባ እጅ "ገና 91" ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ እኛ ቻርሊን ስናይ ነው የሚታየው። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር መስመር ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቡናው ይጨሳል፣ አባባ ይስቃል።

አባባ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። እማዬ ካሴቶቹን በካርቶን አድርጋ ጓዳ ውስጥ፣ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ አስገባቻቸው። ማንም አልነካቸውም። "ይቆይ፣ አሁን አንችልም" ተባባልን። ሰባት ዓመት ቆየ።

እዚህ ጋ የመጀመሪያውን ስህተት ልናገር። ማየት አለመቻልና አለማስቀመጥ ይለያያሉ። ካሴቱን ለማየት አቅም ባይኖራችሁም ለማስገልበጥ ማየት አያስፈልግም። ሌላ ሰው ይውሰደው፣ ይገልብጠው፣ ፋይሉ ይቀመጥ። ሐዘናችሁ ሲረጋ ታዩታላችሁ። እኛ ሐዘናችን እስኪረጋ ስንጠብቅ ጓዳው ክረምት ከክረምት ያንጠባጥብ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ዕቃ ማውጣት ግድ ሆነ። ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ብዙም አላስታውስም። እማዬ አራት ኪሎ እኔ ጋ ገባች። ካርቶኑ ግማሹ ርሶ ነበር። "ገና 91"ን አውጥቼ በካሴቱ ትንሽ መስኮት ሳየው በጥቁሩ ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር አለ። አቧራ መሰለኝ። በቀሚሴ ጠረግኩት።

ሻጋታ ነበር። በመስኮቷ በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወይም እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ካሴቱን ዴክ ውስጥ እንዳታስገቡት። ሻጋታው ክሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ከዚያም የዴኩን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ያቆሽሽና ቀጥሎ ወደምታስገቡት ካሴት ይተላለፋል። እኔ ይህን አላውቅም። ነሐሴ ላይ ከአንድ ጓደኛዬ ቤት አሥር ዓመት ያልተነካ ዴክ ተውሼ መጣሁ፤ እማዬ ቤት የሌለችበትን ቀን ጠብቄ፣ አስገባሁና ተጫንኩት።

አባባን አየሁት። ለአንድ ደቂቃ ያህል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ለአያቴ ጠላ ሲቀዳ። ከዚያ ድምፁ እየጎተተ መጣ፣ ምስሉ ተሰነጣጠቀ፣ ዴኩ ውስጥ የሚንጫጫ ነገር ሰማሁ። በድንጋጤ ማውጫውን ተጫንኩ። ካሴቱ ወጣ፣ ክሩ ግን ውስጥ ቀረ። ሳብኩት። በጣም አዝናለሁ፣ ግን ሳብኩት። ክሩ በእጄ ላይ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጨማደደ።

ዴክ ካሴት ሲበላባችሁ ከሶኬት ንቀሉና ተዉት። በቃ። ክዳኑን በመፍቻ ከፍቶ ክሩን ቀስ ብሎ ከየመንኮራኩሩ ላይ የሚያላቅቅ ሰው አለ። ያንን ሰው ፈልጉ። ደግሞ ቆየት ያለ ዴክ ላይ የምትወዱትን ካሴት መጀመሪያ አታስገቡ፤ ቢጠፋ የማይቆጫችሁን አንድ ካሴት ሙሉውን አጫውቱበትና ደህና መሆኑን እዩ።

ቀጥሎ ያደረግኩት የባሰ ነው። ደረሰኝ ሳልቀበል፣ ማን እንደሚሠራው ሳልጠይቅ፣ ከመንገድ ላይ ባየሁት ማስታወቂያ ብቻ አንድ ቪዲዮ ቤት ወስጄ ሰጠሁት። "በሦስት ቀን ይደርሳል" አሉኝ። በሁለት ሳምንቱ ስሄድ ካሴቱ ተጣብቋል። በተራ ፕላስተር! የተጨማደደውንስ ብዬ ስጠይቅ "አይሠራም ብለን ቆርጠን ጣልነው" አሉኝ። ቆሻሻ መጣያውን ጠየቅኩ። ተወስዷል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ፊት ማልቀስ ስላልፈለግኩ።

የጣሉት አምስት ሜትር ተኩል ያህል ክር ነው። ያ ማለት 4 ደቂቃ ነው።

ለማንም ቪዲዮ ቤት ካሴት ስትሰጡ እነዚህን ተናገሩ፤ አታፍሩ። ምንም ነገር ሳታስፈቅዱኝ አትቁረጡ። የተቆረጠ ካለ፣ የተጨማደደም ቢሆን መልሱልኝ። መቀጠል ካስፈለገም ለቪዲዮ ክር በተሠራው ማጣበቂያ እንጂ በተራ ፕላስተር አይሁን፤ የተራው ሙጫ ይቀልጥና ሄዱን ይይዛል። ተጨማዶ የነበረ ክር በእጅ ተስተካክሎ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል፤ ምስሉ ቢበላሽ እንኳ ድምፁ ሊተርፍ ይችላል። ይህን ያስተማረኝ በኋላ ያገኘሁት ሰው ነው። እሱ ጋ እመለሳለሁ።

እስከ ገና ድረስ ለእማዬ አልነገርኳትም። ይህም ስህተት ነበር። ጥፋቴን በሌላ ነገር ልሸፍን ፈለግኩ። ከካርቶኑ ውስጥ ሳይረጥብ የቀረ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ካሴት ነበር። ፈታሁት። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የቻርሊ ቻፕሊን የሕይወት ታሪክ ፊልም ነው፤ ሪቻርድ አተንቦሮ ያዘጋጀው፣ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ቻርሊን ሆኖ የተጫወተበት። አባባ ይህን ፊልም እንዳለው አናውቅም ነበር። አንድም ቀን አላሳየንም። ረስቶት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ደስ አለኝ። በ"ገና 91" ፋንታ የአባባን ያልታየ ካሴት አሳያቸዋለሁ አልኩ። እንዲያውም ፊልሙን ጥርት ባለ ምስል በፍላሽ አገኘሁትና ለታህሳስ 29 አዘጋጀሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ድንገት ላስደስታቸው።

ገና 2017። ወንድሜ ከነልጆቹ መጣ፣ አክስቴ መጣች፣ ከድሮው ግቢ ሁለት ጎረቤቶች ከየሄዱበት ኮንዶሚኒየም መጡ። ከተለያየን በኋላ ስንገናኝ የመጀመሪያው በዓል ነበር። "ቻርሊ አለ" ስላቸው ሁሉም ፊታቸው በራ። የወንድሜ ትንሿ ልጅ ከፊት ተቀመጠች።

ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው፤ ይህን ማለት አለብኝ። ዳውኒ የቻርሊን አካሄድ የተካነበት መንገድ አባባን ያስደንቀው ነበር። ግን የቀልድ ፊልም አይደለም። ከሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፣ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ ለልጆች የማይሆን ትዕይንትም አለበት፤ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ተነስቶ በእጁ ሸፍኗል። የቻርሊ ወዳጆች ሳቅ ጠብቀው ይቀመጡና የሚያገኙት የሰውየውን ቁስል ነው። እናቱ ሐና ዘፋኝ ነበረች። መድረክ ላይ ድምፅዋ ሲከዳት የአምስት ዓመቱ ቻርሊ ተተክቶ ዘፈነ። ከዚያ ድህነት፣ የድሆች መጠለያ፣ በመጨረሻም የእናቱ አእምሮ መታመም። በእውነተኛ ሕይወቱ እሷን ወደ ሕክምና ቤት ሲያደርስ ገና 14 ዓመቱ ነበር፤ ወንድሙ ሲድኒ መርከብ ላይ ሥራ ሄዶ ነበርና ብቻውን ነው ያደረሳት።

ፊልሙ እናትየዋን የሚያስረክቡበት ቦታ ሲደርስ እማዬ ተነሳች። ቡና ልታይ መሰለኝ። አልተመለሰችም። ኩሽና ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። እንግሊዝኛ አትችልም። ትርጉም ሳያስፈልጋት ነው የገባት።

"እማዬ ምን ሆንሽ?"

"ካሴቱን ከየት አገኘሽው?"

"ከካርቶኑ። በጋዜጣ ተጠቅልሎ..."

"አባትሽ ነው የጠቀለለው። ለእኔ ሲል።"

ፊልሙ ሳሎን ውስጥ እየሄደ፣ ሽሮው ምድጃ ላይ እየተንተከተከ፣ እናቴ እናቷ እንዴት እንደሞተች ነገረችኝ። እኛ የምናውቀው በልጅነቷ እንደሞተችባት ብቻ ነው። ታማ ነበር ለካ። አእምሮዋ። እማዬ በ13 ዓመቷ እናቷን ይዛ በእግር እንጦጦ ማርያም ጸበል አድርሳት፣ ዘመድ ጋ ትታት ብቻዋን ወረደች። እናቷ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው አረፈች። ሰፈር ውስጥ "አበደች" እየተባለ ስለተወራ እማዬ ለጠየቃት ሁሉ ገና ድሮ ሞታለች ትል ነበር። ለአባባ ብቻ ነገረችው። አባባ ያንን ፊልም ከመርካቶ ገዝቶ መጥቶ አንድ ማታ እኛ ከተኛን በኋላ አብረው ጀምረውት ነበር። እዚያው ቦታ ላይ አለቀሰች። አባባ ዴኩን አጠፋ፣ ካሴቱን በጋዜጣ ጠቀለለው፣ ሁለተኛ አላወጣውም።

ይኼ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አባባ ረስቶ አልነበረም። የሟች ዕቃ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ፣ የተጠቀለለ፣ የታሰረ ነገር ስታገኙ ቤት ያለውን ሰው ጠይቁ። በድንገት አታውጡት። በበዓል ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ በፍጹም። ሰው እንግዳ ፊት ማልቀስ ስለማይችል ሐዘኑን ይዞ ኩሽና ይገባል።

ያን ዕለት ማታ ሁሉም ከሄዱ በኋላ የ"ገና 91"ንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ዝም አለችና "የተረፈው ስንት ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። "እንግዲያ መጀመሪያ እሱን እንወቅ።"

ለእኔ ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻዬን አልሮጥኩም። ወንድሜ እየጠየቀ እየጠየቀ ድሮ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አንድ አባት አገኘ። ቤታቸው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ካሴቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ "ልጄ፣ እኔ ቸኩዬ አልሠራም" አሉኝ። ደስ አለኝ።

የሠሩትን እነግራችኋለሁ፤ ባለሙያ ስታገኙ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ። መጀመሪያ ካሴቱን ደረቅ ክፍል ውስጥ ለቀናት አቆዩት። ቀጥሎ ከጀርባው ያሉትን አምስት ብሎኖች ፈተው ሁለቱን መንኮራኩሮች ከነክሩ አወጡና ሻጋታውን፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ቀስ ብለው አጸዱ። ሻጋታ ሳንባ ይጎዳል፤ ቤት ውስጥ በባዶ አፍንጫ እንዳትሞክሩት። ተራውን ፕላስተር አንስተው በትክክለኛው ማጣበቂያ ቀጠሉት። ክሩን ወደ አዲስ የካሴት ፕላስቲክ ሽፋን አዛወሩት። ከዚያ ሳያጫውቱ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጠነጠኑት፤ ክሩ እንዲላቀቅ። ሲያጫውቱት በዚያው ቅጽበት ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተጎዳ ካሴት ሁለተኛ ዕድል ላይሰጣችሁ ስለሚችል "እስኪ መጀመሪያ እንየው" የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ማጫወት ራሱ መቅረጫው ይሁን። ደግሞ አቋራጭ የለውም። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይወስዳል። በአሥር ደቂቃ እጨርሳለሁ የሚላችሁ ሰው ካለ ተጠንቀቁ።

27 ደቂቃ ተረፈ።

ፋይሉን በሦስት ቦታ አስቀመጥን፦ አንዱ እኔ ጋ በሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ወንድሜ ጋ፣ አንዱ ቤሩት የነበረችው የአክስቴ ልጅ ጋ፣ አሁን ካለችበት አገር። ካሴቱንም አልጣልነውም። በጀርባው ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ሰበርናት፤ ያቺ ከተሰበረች ማንም ተሳስቶ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። ሙሉ በሙሉ ተጠንጥኖ፣ እንደ መጽሐፍ ቆሞ፣ ከስፒከርና ከሙቀት ርቆ ይቀመጣል።

የጠፋው የትኛው ክፍል እንደሆነ ያወቅነው ስናየው ነው። አባባ ዴኩን ሲያቆም ይታያል። ዳቦ ይቆርሳል። ሁለት ሹካ ያነሳል፣ ወደ ካሜራው ቀና ብሎ ያያል። ከዚያ ምስሉ ይዘልላል። ቀጥሎ አያቴ ዓይኗን እየጠረገች ነው፣ ሁሉም እያጨበጨበ ነው፣ ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነው። ጭፈራው የለም።

ለፋሲካ እንደገና ተሰበሰብን። ሚያዝያ 12 ቀን 2017። በዚህኛው ጊዜ ሁሉንም ነገር አስቀድመን ተነጋገርን። እማዬ "ገና 91"ን ለብቻዋ ቀደም ብላ አይታው ነበር፤ የት ቦታ እንደሚቆረጥ ታውቃለች። ለሰዎቹም "አባባ ይታያል፣ መቀመጥ የከበደው ሰው ቡና ጋ ይምጣ" ብለን ነገርናቸው። እንዲህ ማለት ቀላል ነው፤ ሰውን በጣም ያሳርፋል።

መጀመሪያ ዘ ጎልድ ረሽን ከፈትን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፊልሙ ሁለት ዓይነት ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. ቻርሊ እንደገና ሲያወጣው በራሱ ድምፅ በእንግሊዝኛ ትረካ ጨመረበት፣ አሳጠረውም። ለአረጋውያን ያኛውን አትክፈቱ፤ ሰው የሚያወራ እያለ ስለማይገባቸው ከፊልሙ የተገለሉ ይመስላቸዋል። የ1925ቱ ድምፅ አልባው ነው የሚሻለው። በየመሃሉ የሚመጣውን ጽሑፍ አንድ ሰው ጮክ ብሎ በአማርኛ ይበል። የእኛን ያነበበው የወንድሜ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ከራሱም እየጨመረ። ልጆች አንድ ሰዓት ተኩል መቀመጥ ካልቻሉ በ1916 እና በ1917 እ.ኤ.አ. የሠራቸው አጫጭሮቹ 20 ከምናምን ደቂቃ ናቸው። ዘ ኪድም አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ግን ሕፃን ከአሳዳጊው የሚነጠቅበት ቦታ ስላለው ቤታችሁን አይታችሁ ወስኑ።

ቀጥሎ "ገና 91"። ሹካዎቹ ሲነሱ ሁላችንም ዝም አልን። ምስሉ ዘለለ። አክስቴ "ወይኔ" አለች።

እማዬ ተነሳች። እኔ ልቤ ዘለለ፤ ደግሞ ኩሽና ልትገባ ነው ብዬ። እሷ ግን ከመሶቡ ሁለት ቁራሽ ድፎ ዳቦ አመጣች። "ሹካ ስጡኝ።" ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች፣ ወጋቻቸው፣ አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች። ከዚያ ጀመረች። ቀኝ፣ ግራ፣ ወደ ጎን ሸርተት፣ አንዱን እግር ወደ ላይ፣ በመጨረሻ ዝርግት። አንዷም አልተሳሳተችም። ሃያ ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ እያየች ተምራዋለች፤ አንድ ቀን አድርጋው አታውቅም። ፊቷ ኮስተር እንዳለ ነው፤ ልክ እንደ እሱ። ትንሿ ልጅ "አያቴ ድገሚው!" ብላ ጮኸች።

በሁለተኛው ላይ ነው ስልኬን ያነሳሁት። 48 ሰከንድ ነው። ያንንም በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ። የምትወዱት ሰው አንድ ነገር ካለው፣ ዘፈን ይሁን፣ ምርቃት ይሁን፣ ዶሮ የሚገነጥልበት መንገድ ይሁን፣ ዘንድሮ ቅረጹት። ስልኩን አግድም ያዙት፣ የቴሌቪዥኑንና የሬዲዮኑን ድምፅ ቀንሱ፣ ስሙንና ቀኑን ፋይሉ ላይ ጻፉ።

የሕይወት ታሪክ ፊልሙን በመጨረሻ እማዬ ራሷ ናት የጠየቀችኝ። ሰኔ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሁለታችን ብቻ። ንግግሩን እያቆምኩ እተረጉምላታለሁ። የእናትየዋ ክፍል ሲደርስ ላልፈው ስል እጄን ያዘችኝና "ተይው" አለች። አየችው። በኋላ ቻርሊ ሀብታም ሆኖ እናቱን አሜሪካ ሲያስመጣት፣ እሷ ግን አሁንም በራሷ ዓለም ስትሆን፣ "አመጣት እንኳን" አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። በ1952 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ተመልሶ እንዳይገባ ሲከለከል ተናደደች። በመጨረሻ በ1972 ለኦስካር ሽልማት ተመልሶ ሲጠራ፣ ሽማግሌው ቻርሊ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ የወጣትነቱን ፊልሞች ሲያይ፣ እውነተኛዎቹ የቻርሊ ምስሎች ናቸው የሚታዩት፤ ያኔ ሳቀች። ሳቅ የሚፈልግ ሰው እስከዚያ ድረስ መታገስ አለበት። ያረፈው በፈረንጆች ገና ቀን በ1977 መሆኑን ስነግራት በጣቷ ቆጠረችና "በእኛ ታህሳስ 16፣ በጾሙ" አለች።

ከዚያ አንድ ነገር ነገርኳት። ሐናን ሆና የተጫወተችው ጄራልዲን ቻፕሊን ናት፤ የቻርሊ የራሱ ልጅ። የገዛ አያቷን ነው የተጫወተችው።

እማዬ ለትንሽ ጊዜ አየችኝ። "አንቺም እናቴን ትመስያለሽ" አለች። "ዓይንሽና ግንባርሽ።"

ተነስታ ዳዊቷን አመጣች። ከገጾቹ መሃል ጠርዙ የተበላ ትንሽ ፎቶ አወጣች። ነጠላ የለበሰች፣ ካሜራውን ቀጥ ብላ የምታይ ሴት። በ36 ዓመቴ የእናቴን እናት መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። ማግስቱን ስካን አስደረግኩት። ፎቶው ከእጄ ሳይወጣ፣ ከማሽኑ አጠገብ ቆሜ።